ለሞንጎመሪ ካውንቲ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች፦ የቤተ ክርስቲያን ግቢን የዛፍና የመከለያ ደንብ እንዴት ማሟላት እንደሚቻል

በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለዓመታት አዳራሽ ተከራይተው ሲያስቀድሱ የቆዩ አጥቢያዎች የራሳቸውን መሬት እየገዙ ማሠራት ጀምረዋል። መሬቱ ተገዝቶ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሐንዲሱ ጋር ሲቀመጥ የሚቀድመው ጥያቄ ሁልጊዜ «ስንት መኪና ያስቆማል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምእመኑ ከሩቅ የሚመጣ በመሆኑ በዓል በደረሰ ቁጥር መንገድ ላይ የተደረደረ መኪና ከጎረቤት ጋር ያጣላል። ነገር ግን መሐንዲሱ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር በመኪና መስመር ሞልቶ ያቀረበው ንድፍ ካውንቲው ዘንድ ደርሶ ሲመለስ፣ በጎረቤት ወሰን በኩል የዛፍ ረድፍ፣ በመሐል የአትክልት ደሴት (በመኪኖቹ መካከል ለተክል የሚተው መደብ) ተጠይቆበት ይመጣል፤ የመኪናው ቁጥርም ኮሚቴው ለጉባኤ ካሳወቀው በታች ይወርዳል። እኔ ባገለገልኩበት ኮሚቴ ንድፉ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ለእያንዳንዱም ለውጥ ምእመናን ካዋጡት ገንዘብ ላይ ከፍለናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው፣ በወረቀቱ ላይ ከመኪናው በፊት ዛፉ እንዲሣል ነው። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገውን የሚያስረዳ ነው።

በመጀመሪያ መሬታችሁ በማን ደንብ ሥር እንዳለ አረጋግጡ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተንና አስፐን ሂል የራሳቸው ከንቲባና ምክር ቤት የሌላቸው በመሆናቸው የሚተዳደሩት በቀጥታ በካውንቲው የዞኒንግ፣ ማለትም መሬት ለምን አገልግሎት እንደሚውል በሚወስነው፣ ደንብ ነው። ሮክቪልና ጌዘርስበርግ ግን የራሳቸው ዞኒንግ ያላቸው ከተሞች ስለሆኑ እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች እዚያ አይሠሩም። ታኮማ ፓርክ ከሁለቱም ይለያል፤ ዞኒንጉ የካውንቲው ቢሆንም ዛፍን በሚመለከት የራሱ ጥብቅ ሕግ አለው፤ የግንዱ ዙሪያ 24 ኢንች የደረሰ ዛፍ ያለ ከተማው ፈቃድ አይቆረጥም። የካውንቲው ደንብ ምዕራፍ 59 ሲሆን አሁን ያለው ቅርጹ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 30 ቀን 2014 ነው። ለእኛ የሚያስፈልጉን ክፍሎች ስለ መኪና ማቆሚያ አትክልት የሚናገረው 6.2.9፣ ስለ አጠቃላይ አትክልትና መብራት የሚናገረው 6.4 እና ስለ መከለያ የሚናገረው 6.5 ናቸው። ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል ንድፍ ከመጀመሩ በፊት በዚያው ሳምንት በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከሌላ አጥቢያ የተገኘ የቆየ ቅጂ ላይ አትመሥረቱ።

ደንቡ ምን እንደሚፈልግ ከመዘርዘሬ በፊት ለምን እንደሚፈልግ ብናገር ይሻላል፤ ምክንያቱ የገባው ኮሚቴ ከገምጋሚው ጋር ሲነጋገር አይቸገርምና። እኛ ከጎረቤቶቻችን ጋር ባደረግነው ስብሰባ ላይ አንዲት አዛውንት ተነሥተው የተናገሩትን አልረሳውም። ጸሎታችሁን አልቃወምም፤ ነገር ግን በሌሊት መኪኖቻችሁ ዞረው ሲወጡ መብራቱ በመኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ይሄዳል፣ አንዱ አልፎ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ሌላው ይመጣል አሉ። ማኅሌት አድሮ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ለምናውቅ ነገሩ ወዲያው ገባን። ደንቡ የሚጠይቀው ባለ 6 ጫማ መከለያ በእንዲህ ባለ ቦታ የሚከላከለው ይህን ነው፤ የመኪና መብራት የሚገኝበትን ከፍታ በሚገባ ይሸፍናል። ዛፉ ደግሞ በበጋ ሙቀት የሚግለውን አስፋልት ያጠልላል፣ የዝናብ ውኃ ጎርፉንም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ልኬቱ እንግባ። 10 ወይም ከዚያ በላይ መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ካላችሁና ግቢያችሁ ነጠላ መኖሪያ ቤቶች ከሚሠሩበት ዞን ጋር የሚዋሰን ከሆነ፣ በዚያ ወሰን ያለው መሬትም ባዶ ወይም መኖሪያ ከሆነ፣ በወሰኑ በኩል ቢያንስ 10 ጫማ ስፋት ያለው የአትክልት ረድፍ መተው ይኖርባችኋል። በዚህ ረድፍ ውስጥ ቢያንስ 6 ጫማ ከፍታ ያለው የቁጥቋጦ አጥር፣ የእንጨት አጥር ወይም ግንብ ይቆማል፤ በየ30 ጫማው አንድ ጥላ የሚዘረጋ ትልቅ ዛፍ ይተከላል፤ ለእያንዳንዱ ትልቅ ዛፍም ሁለት አነስተኛ ዛፎች ይጨመራሉ። ወሰኑ 200 ጫማ ርዝመት ያለው ቢሆን ሰባት ትልልቅና ዐሥራ አራት አነስተኛ ዛፎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው፤ ረድፉም 2,000 ካሬ ጫማ መሬት ይወስዳል። በመንገድ በኩል ወይም በሌላ ዓይነት ዞን በኩል ሲሆን ግዴታው ይቀልላል፤ ስፋቱ 6 ጫማ፣ አጥሩ ወይም አጭር ግንቡ 3 ጫማ ይሆንና ትልልቆቹ ዛፎች በዚያው በ30 ጫማ ርቀት ይቀጥላሉ። ከጎን ያለው የሌላ ሰው መኪና ማቆሚያ ከሆነ ግን ረድፉ አይጠየቅም። እኛ መጀመሪያ ይህን ባለማወቃችን ከሱቆቹ ማቆሚያ ጋር በምንዋሰንበት በኩል ያለ ግዴታ መሬት ትተን ነበር።

በማቆሚያው ውስጥ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ስሌቶች አሉ፤ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። የመጀመሪያው የደሴቶቹ ስፋት ሲሆን ከማቆሚያው ጠቅላላ ስፋት ቢያንስ 5 በመቶ መሆን አለበት፤ እያንዳንዱም ደሴት ሳይቆራረጥ ቢያንስ 100 ካሬ ጫማ ይሆናል። ሁለተኛው የዛፎቹ ጥላ ነው፤ ከተተከሉ ከ20 ዓመት በኋላ ቅርንጫፋቸው የማቆሚያውን 25 በመቶ እንዲሸፍን ይጠበቃል። የአንድ ዛፍ ጥላ በ20 ዓመት ምን ያህል እንደሚሆን የሚወሰነው በኮሚቴው ግምት ሳይሆን የካውንቲው የፕላን ቦርድ ስለ ዛፍ ባወጣው የቴክኒክ መመሪያ ነው። ለምሳሌ 60 መኪና የሚይዝ፣ ከመተላለፊያው ጋር 21,000 ካሬ ጫማ የሆነ ማቆሚያ ብንወስድ ለደሴት 1,050 ካሬ ጫማ፣ ለጥላ 5,250 ካሬ ጫማ ያስፈልገዋል። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ 8.5 በ18 ጫማ፣ ማለትም 153 ካሬ ጫማ ስለሆነ ደሴቱን በአንድ መኪና ቦታ ልክ ብትሠሩት ሰባት የሚበቃ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የከርቡ ውፍረት ሲቀነስ አፈሩ ስለሚጠብ ስምንት ወይም ዘጠኝ ብላችሁ ብትነሡ አትሳሳቱም። የዛፉ ጥላ 30 ጫማ ወርድ የሚደርስ ከሆነ አንዱ 700 ካሬ ጫማ ያህል ስለሚሸፍን ለጥላው ስምንት ዛፎች ይበቃሉ። ትንሽ ሆኖ የሚቀር ዝርያ ብትመርጡ ግን ቁጥሩ በእጥፍ ሊያድግና ሌላ የመኪና ቦታ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ የዛፉ ዝርያ መጨረሻ ላይ ለማሳመር የሚታሰብ ነገር አይደለም፤ የመኪናውን ቁጥር የሚወስነው እሱ ነው።

መብራትም በዚሁ ንድፍ ይታያል። በወሰን መስመር ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከ0.5 ፉትካንድል (የብርሃን መጠን መለኪያ) መብለጥ የለበትም። ፈቃዱ በልዩ ሁኔታ የሚሰጥ ከሆነና ጎረቤቱ ነጠላ መኖሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ልኩ ወደ 0.1 ይወርዳል። የመብራት ምሰሶና ትልቅ ዛፍ በአንድ ደሴት ላይ እንዳይገናኙ የዛፉን ንድፍና የመብራቱን ንድፍ ደርባችሁ ተመልከቱ፤ በተለያየ ባለሙያ ስለሚሣሉ ሁለቱ ሲጋጩ የሚታየው ምሰሶው ከቆመ በኋላ ነው።

«ልዩ ሁኔታ» ያልኩትን ላብራራ። ቤተ ክርስቲያን ራሱ በአብዛኞቹ የመኖሪያ ዞኖች የተፈቀደ አገልግሎት ነው። ብዙ አጥቢያ ግን ከሕንፃው ጋር የሕፃናት መዋያ ለመክፈት ያስባል፤ ይህ ሲሆን እንደ ሕፃናቱ ቁጥር ካውንቲው በልዩ ሁኔታ የሚፈቅደው አገልግሎት ሊሆን ይችላል። ጉዳዩም በካውንቲው የዞኒንግና የአስተዳደር ችሎት ቀርቦ ይሰማል። ያን ጊዜ የማቆሚያው ዙሪያ ብቻ ሳይሆን የግቢው ወሰን ራሱ በክፍል 6.5 መሠረት መከለያ ይጠየቃል፤ መዋያው ከጎረቤት ጋር ተስማሚ መሆኑም ይመረመራል። እንግዲህ መዋያው ገና ከአምስት ዓመት በኋላ የሚከፈት ቢሆንም ቦታውን ዛሬ ንድፉ ላይ ተዉለት። አስፋልቱ ወሰን ድረስ ከሄደ በኋላ ቆርጦ መትከል ዋጋው ሌላ ነው።

በኮሚቴ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «የሃይማኖት ተቋምን ማንም አያስቸግርም፣ የፌዴራል ሕግ አለ» ማለቱ አይቀርም። የሚጠቀሰው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው፣ የሃይማኖት ተቋማትን የመሬት አጠቃቀም የሚመለከተው ነው። ሕጉ ቤተ እምነት ከሌሎች ተለይቶ እንዳይበደልና ያለ በቂ ምክንያት ከባድ ጫና እንዳይደርስበት ይከላከላል፤ ለሁሉም እኩል የወጣውን የዛፍና የአጥር ደንብ ግን አያነሣም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ገና በመጀመሪያው ስብሰባ በክርክር የተጀመረ ግንኙነት እስከ መጨረሻው ፍተሻ ድረስ እንደሚከተል ስላየሁ ነው።

መሬቱ ላይ አስቀድሞ የቆሙት ዛፎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ይዞታው 40,000 ካሬ ጫማ ከደረሰ የካውንቲው የደን ጥበቃ ሕግ፣ ማለትም ምዕራፍ 22ሀ (22A)፣ ሊመለከታችሁ ስለሚችል ከንድፍ በፊት የግቢው የተፈጥሮ ሀብትና የዛፍ ቆጠራ ይሠራል። ከመሬት በ4.5 ጫማ ከፍታ ሲለካ የግንዱ ወርድ 30 ኢንች የደረሰ ዛፍ በዚህ ሕግ ልዩ ጥበቃ አለው፤ ለመቁረጥ ብቻ ሳይሆን ሥሩን ለመጉዳትም የተለየ ፈቃድ ይጠየቃል። እኛ የገዛነው ግቢ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ኦክ ነበር። አንዳንዶቻችን ደወል ቤቱን እዚያ ልናቆም አስበን ነበር፤ ሜትር ይዘን ስንለካው 34 ኢንች ሆነ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ወንበር አውጥተው የሚቀመጡት በእሱ ጥላ ነው። በሀገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ የሚታወቀው በዙሪያው ባለው ደን ነው፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው ሌላ ቦታ አልቆ በቅጽሩ ውስጥ የቀረበት ብዙ አውራጃ አለ። ለእኛ ምእመን «ዛፍ ትከሉ» የሚል ደንብ እንግዳ ሊሆን አይገባውም፤ በጉባኤ ላይ በዚህ መንገድ ሲነገር ሕዝቡ በደስታ እንደሚቀበለው አይቻለሁ።

ዛፍ የማይተከልባቸውን ቦታዎች ደግሞ ከመጀመሪያው በቀይ አስምሩ። በመንገድ በኩል ለመብራትና ለስልክ መስመር የሚተው፣ ብዙ ጊዜ 10 ጫማ የሚሆን ቦታ አለ፤ የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ የሚያልፍበትም አለ። ሁለቱም ላይ ዛፍ አይፈቀድም፤ ስለዚህ የዛፉ ረድፍ ከእነሱ ወደ ውስጥ ይገፋል። በመግቢያው ጥግ ላይ ሹፌሩ የሚመጣውን መኪና እንዲያይ ተክሉ ዝቅተኛ መሆን አለበት። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የዝናብ ውኃ ሕግ ምክንያት ግቢው ውኃውን ራሱ የሚያሰርግባቸው ጎድጓዳ የተክል መደቦችም ይኖሩታል። መሐንዲሱ እነዚህን መደቦች ከደሴቶቹ ጋር አስማምቶ ማቀድ ይችል እንደሆነ ገና ሲጀምር ጠይቁት፤ ሳይጠየቅ ለየብቻ ከሠራቸው መሬቱ ሁለት ጊዜ ይሄዳል።

መሬቱ ጠባብ ወይም ተዳፋት ሆኖ ልኬቱ በእውነት አልሞላ ካለ መንገድ አለ። ክፍል 6.8 የቦታው ልዩ ጠባይ፣ ለምሳሌ ተዳፋት፣ ነባር ሕንፃ ወይም የቧንቧ መስመር ሲያስገድድ በሌላ ዘዴ ማሟላትን ይፈቅዳል። የሚጠየቀው ግን የደንቡ ዓላማ እንዲጠበቅ፣ ለውጡ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰፋና ለጎደለው ማካካሻ እንዲደረግ ነው። «10 ጫማው ይቅርልን» ብቻ የሚል ማመልከቻ ደካማ ነው። «ነባሩ ግንብ ስላለ በዚህ 40 ጫማ ላይ ረድፉ 6 ጫማ ይሁን፤ በምትኩ አጥሩን ከፍ አድርገን በስተምሥራቅ አራት ዛፍ እንጨምራለን» የሚል ማመልከቻ፣ ከጎረቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ጋር ሲቀርብ፣ በእጅጉ የተሻለ ነው።

ወደ ዝርያ ምርጫ ስመጣ ለመከለያው ቅጠሉን የማያረግፍ ተክል ምረጡ እላለሁ። የገና ማኅሌት የሚቆመው በጃንዋሪ መጀመሪያ ሌሊት ነው፤ በበጋ ጥቅጥቅ ብሎ ያየነው ቁጥቋጦ ያን ጊዜ ባዶ እንጨት ሆኖ መብራቱን ሁሉ ያሳልፋል። የችግኝ ነጋዴዎች አዘውትረው የሚያቀርቡት አርቦርቫይቲ ቶሎ የሚያድግና ርካሽ ቢሆንም አጋዘን ይወደዋል፤ በዚህ ካውንቲ ደግሞ አጋዘን በየሰፈሩ ስላለ በአንድ ክረምት አፉ እስከሚደርስበት ድረስ ግጦ ከታች ገላጣ ያደርገዋል፤ መከለያው የሚያስፈልገውም እዚያው ላይ ነው። እኔ የምመርጠው ኢስተርን ሬድ ሴዳር የሚባለውን ነው። ይህ ዛፍ የሜሪላንድ ተወላጅ ሲሆን የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን በጣት ፈተግ አድርጎ ያሸተተ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ድርቅን ይችላል፣ አጋዘንም እምብዛም አይነካውም። ጎረቤት የፖም ዛፍ ካለው ግን በሁለቱ መካከል የሚመላለስ የዝገት በሽታ ስላለ እዚያ በኩል አሜሪካን ሆሊ ተክሉ። ተክል እስኪያድግ ዓመታት ስለሚፈጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእንጨት አጥር ቆሞ ጥዱ ከጎኑ ቢተከል ደንቡም ይሟላል፣ ጎረቤትም ያርፋል። ለደሴቶቹ እንደ ዊሎው ኦክ፣ ሬድ ሜፕልና ብላክ ገም ያሉ ዛፎች ይስማማሉ።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የጠፋብን በተከላው ላይ ነው። ሥራውን የሰጠነው ተቋራጭ በደሴቶቹ ውስጥ ዘጠኝ ዛፍ ተከለልን፤ በሁለተኛው በጋ አምስቱ ደረቁ። ዶማ አምጥተን ስንቆፍር አፈሩ አንድ ስንዝር ብቻ ሆኖ ከሥሩ ለአስፋልቱ የተደለደለው ጠጠር ጠጥሮ ተገኘ። የዛፉ ሥር በሽቦ ቅርጫቱና በጆንያው እንደታሰረ ነበር፤ ግንዱም ከሚገባው በላይ ተቀብሯል። ስለዚህ በውሉ ላይ ደሴቶቹ ጠጠራቸው ወጥቶ 3 ጫማ ጥልቀት በጥሩ አፈር እንዲሞሉ ጻፉ፤ ዛፍ ከመምጣቱ በፊትም አንድ የኮሚቴ አባል የብረት ዘንግ ይዞ እያንዳንዱን ደሴት ወግቶ ይፈትሽ። ግንዱ ወደ ሥር ሲገባ ሰፋ የሚልበት ቦታ ከመሬት በላይ መታየት አለበት። ጆንያውና ሽቦው ከላይ ይቆረጣል፤ የእንጨት ፍርፋሪው ከ2 እስከ 3 ኢንች ውፍረት ይነጠፍና ከግንዱ ይራቅ። ከመቆፈር በፊት በ811 ደውላችሁ የተቀበሩ መስመሮችን አስመልክቱ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው። ተከላው በመጸውና በጸደይ እንዲሆን የግንባታውን መርሐ ግብር አስተካክሉ፤ በጁላይ የተተከለ ዛፍ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ከክፍያውም የተወሰነውን ሁለተኛው በጋ እስኪያልፍ ያዙ።

ፈታሹ ሲመጣ ንድፉን በእጁ ይዞ ዛፍ በዛፍ ይቆጥራል፤ ዝርያውንም ያያል። ተቋራጩ የተፈቀደው ዝርያ ጠፍቶ በሌላ ከቀየረ ለውጡ አስቀድሞ በጽሑፍ የጸደቀ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሕንፃው ተጠናቆ እያለ የመገልገያ ፈቃዱ በችግኝ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል። ግዴታው በዚያ ቀን አያበቃም፤ የሞተ ዛፍ መተካት አለበት። እኛ አሁን ዕድር በሚመዘገብበት ዓይነት ደብተር ለእያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ሰጥተን በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተራ አከፋፍለናል። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ዝናብ ካልጣለ፣ ለእያንዳንዱ የግንድ ኢንች በሳምንት 10 ጋሎን ያህል ውኃ ይጠጣል። ባለተራው ውኃውን ሲያጠጣ ቅጠሉንም አይቶ በደብተሩ ላይ ቀኑንና ያየውን ጽፎ ይፈርማል።